የመግባባት ትምህርትና የአገር አነጋገር፤ ስለ አንድ ሥዕልና ስለ አንድ መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

የመግባባትን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰሌዳ ላይ የሚያገኘው አንድ ሥዕል አለ። በግራ በኩል ላኪ፥ በቀኝ በኩል ተቀባይ፥ በመካከላቸው መልእክቱ የሚያልፍበት መሥመር ይሰመራል፤ ወደ መሥመሩም ሁካታ የሚባል ቀስት ይገባበታል። ሥዕሉ ቀላልና ለዓይን የሚያምር ስለ ሆነ ለፈተና ይመቻል፤ ስለዚህም ተማሪውን እስኪመረቅ ድረስ አይለየውም። ለጥናት ወደ ገጠር ሲወርድ ይዞት ይወርዳል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅም በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሥዕልና ከእርሱ ጋራ ዘወትር የሚጠቀስልንን አንድ ታላቅ መጽሐፍ፥ ማለት የፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» ነው። ሁለቱ በመልክ አይገናኙም፤ አንዱ የኢንጂነር ሥራ፥ ሌላው የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ነው። በእኛ በተማሪዎች እጅ ሲገቡ ግን አንድ ፍርድ ይሰጡናል፤ ይኸውም ያገራችን ሰው ነገሩን በግልጽ አይናገርም፥ አነጋገሩም ለዘመናዊ ሥራ አይመችም የሚል ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ አላገኘነውም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ሥዕሉ። ያወጡት ክሎድ ሻነን በአሜሪካ የቤል ስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ባልደረባ ነበሩ፤ ጽሑፋቸውም በ1948 በዚያው ኩባንያ የቴክኒክ መጽሔት ወጣ። ያስጨነቃቸው ጥያቄ አንድ መሥመር ምልክቱን ሳያበላሽ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሊያስተላልፍ ይችላል የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ስልክ ጭምር የቆመበት መሠረት ሆኗል። ነገር ግን ሻነን ገና በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ የመልእክቱ ትርጉም የኢንጂነሩ ጉዳይ አለመሆኑን ለይተው አስታውቀዋል። ደዋዩ ቢመርቅም ቢራገምም ለሽቦው ሁለቱም ያው ጭነት ናቸው። በ1949 ከሻነን ጋራ መጽሐፍ ያሳተሙት ዋረን ዊቨር ነገሩን ወደ ትርጉምና ወደ ውጤት ሊያሰፉት ሞከሩ። በዚያው በ1948 ደግሞ የፖለቲካው ሊቅ ሃሮልድ ላስዌል ተናጋሪው፥ ነገሩ፥ መንገዱ፥ ሰሚውና ውጤቱ እየተለዩ እንዲጠኑ የሚያደርግ የጥያቄ ሰንሰለት አቀረቡ። የሽቦው ሥዕልና የፖለቲካው ሰንሰለት ተጋብተው የወለዱት ነው እንግዲህ ዛሬ በየክፍሉ የሚሰመረው።

ኢንጂነሩ «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብለው የተዉትን ነገር እኛ በእርሳቸው ሥዕል ልንለካው መነሣታችን የሚያስደንቅ ነው።

የአማርኛ ቃላት በዚህ ነገር ላይ ከሥዕሉ የተሻለ ይመክሩናል። «ማስታወቅ» አለ፤ አንዱ ያውቃል፥ ሌላው እንዲያውቅ ይደረጋል። «መገናኘት» አለ፤ ሁለቱ ባንድ ስፍራ ወይም ባንድ መንገድ ይጋጠማሉ፤ መገናኛ ብዙኃን የምንለው ከዚህ ነው። «መግባባት» ደግሞ አለ። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ሲረዳ «ገባኝ» ይላል፤ ባለቤቱ ነገሩ ነው፥ ሰሚው ቤት ነው። «ተግባባን» ሲል ግን አንዱ ለሌላው ቤት ሆኗል ማለት ነው፤ ላኪና ተቀባይ የሚለው ልዩነት በቃሉ ውስጥ የለም። የትምህርት ክፍሎች ዛሬ «ተግባቦት» የሚለውን ስም መምረጣቸው መልካም ነው። የሚያስተምሩት ሥዕል ግን የመግባባት ሳይሆን የማስታወቅ ሥዕል ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የራዲዮና የጋዜጣ ሥራ የሚመራበት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር መባሉ በዚህ ረገድ ሐቀኛ ስም ነበር፤ መንግሥት ያስታውቅ ነበርና።

ለልማት ሥራ የተጻፉት መጻሕፍትም በዚሁ መሥመር ሄደዋል። ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 ስለ አዳዲስ ዘዴዎች መሠራጨት ባሳተሙት መጽሐፍ ገበሬው አዲሱን ዘር ወይም አዲሱን መድኃኒት ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ የሚቀበል ሰው ሆኖ ይታያል። ሮጀርስ ራሳቸው በ1976 ያ አስተሳሰብ ጊዜው እያለፈ መሆኑን ጽፈዋል። ይህን ሁለተኛውን ጽሑፍ ግን የሚጠቅሰው ተማሪ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ፕሮፌሰር ሌቪን በመንዝ ተቀምጠው የአማራውን ገበሬ ኑሮ በቅርብ ካዩ በኋላ «ሰምና ወርቅ»ን በ1965 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። ስለ ገበሬው ቤት፥ ስለ ልጅ አስተዳደግ፥ ስለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሳብ የጻፉት በትዕግሥት የተሰበሰበ ነው፤ ለአገሩም ያላቸው ፍቅር ከየገጹ ይታያል። የምንነቅፈው የመጽሐፉ ስም የተወሰደበትን የመጀመሪያውን አሳብ ብቻ ነው። ሌቪን እንደሚሉት ሰምና ወርቅ የቅኔ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ የአማራው የዘወትር አነጋገር ጠባይ ነው፤ ቅኔውም የዚሁ የዘወትር አነጋገር የጠራ መልኩ ነው። ሰውየው ሲናገር ሁለት ፍች ይዞ ይናገራል፥ ሲሰማም የተሸሸገውን ያድናል። ይህ አነጋገር ለቀልድ፥ ሸፍኖ ለመሳደብ፥ የግል ምሥጢርን ለመጠበቅና ሹማምንትን ለመንቀፍ እንደሚያገለግል አስረድተዋል። ዘመናዊው ሕይወት ግን አንድ ፍች ያለው ንግግር ስለሚሻ ሁለቱ መንፈሶች ይቃረናሉ የሚል ነው መደምደሚያቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት ቅኔን ከድፍንፍን አነጋገር ጋራ ባንድ ከረጢት መክተት ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህን አይለውም። ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የግእዙን አገባብ፥ የቤቱን ልክ፥ የሰሙንና የወርቁን መጋጠም ይመረምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ በዚህ ጠባብ ስፍራ ሰሙ ለብቻው የቆመ ታሪክ፥ ወርቁም ለብቻው የቆመ ታሪክ መሆን አለበት፤ አንዱ ቃል ከሁለቱ ባንዱ ካልገጠመ ቅኔው ተበላሽቷል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ በዋድላም ሆነ በሌላው ቤት፥ «ምን ለማለት እንደ ፈለግህ አይታወቅም» መባል ለተማሪው ነቀፌታ እንጂ ምስጋና አይደለም። አሻሚ ነገር ማለት ፍቹ የማይታወቅ ነው፤ ቅኔ ግን ፍቹ ሁለት መሆኑ የታወቀና የተቆጠረ ነው። የወርቅ አንጥረኛው ሰሙን የሚቀርጸው ወርቁ የሚይዘውን መልክ ለመወሰን ነው፤ ከዚህ የበለጠ የልክ ሥራ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ «እስቲ እናየዋለን፥ ነገ ተመለስ» የሚለውን መልስ ከዚህ ጋራ ማዛመድ ለቢሮ ሠራተኛው ያልሠራውን ክብር መስጠት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከበደ ነው። ሌቪን ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ ሲናገሩ የንግግሩን ጊዜና ስፍራ ለይተው አልሠሩበትም። ያው ሰው በአንዱ ስፍራ ይሸፍናል፥ በሌላው ስፍራ ይገልጣል። በድሮው የአደባባይ ሙግት «በላ ልበልሃ» ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ቃል በቃል ይያያዙ ነበር፤ እዚያ የሚረታው ነገሩን ለይቶ ያስያዘ እንጂ የደባበቀ አልነበረም። በአውጫጭኝ፥ ወይም በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፥ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ ባንድነት ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ መበተን የለም። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ቆሞ «እገሌ ነው» ቢል ነገ ቤቱ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ጥቆማው በምሥጢር ለተመረጡት ሽማግሌዎች ይደርሳል፥ ነጋሪውም በስሙ ሳይሆን በ«ወፍ» ስም ይጠራል። ወፍ ነገረችኝ ይባላል። የላስዌል የመጀመሪያ ጥያቄ ተናጋሪው ማን ነው የሚል ነው፤ አውጫጭኝ የሚሠራው ግን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሁሉም ላለመጠየቅ ስለ ተስማማ ነው። እዚህ ላይ መሸፈኑ ሁካታ አይደለም፤ እውነቱ የሚወጣበት በር ነው። (ይህ ሥርዐት ንጹሑን ሰው ከወንጀለኛው ጋራ ከሥራው አስቀርቶ በማጉላላቱ ብዙ የተነቀፈ ነው፤ ነቀፌታው ተገቢ ነው፥ ግን የሚነቀፈው በግልጽ ባለመናገሩ አይደለም።)

ሦስተኛውን ነጥብ ከመንዝ ወጥተን በአፋር እናገኘዋለን። ሌቪን ስለ አማራው ብቻ መጻፋቸውን ያውቃሉ፤ የእኛ ተማሪዎች ግን መጽሐፉን ስለ «ባህላዊ ኅብረተሰብ» ሁሉ የተጻፈ አድርገው ይጠቅሱታል። በአፋር ዘንድ ዳጉ የሚባል የወሬ ልውውጥ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፥ ሌላው ከተነሣበት ጀምሮ ያየውንና የሰማውን በተራ ይናገራል፤ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ጸጥታው፥ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው። ያየውን ካየው ጋራ፥ የሰማውንም ከሰማበት ሰው ጋራ ለይቶ መናገር አለበት፤ ሐሰት የጨመረ ሰው በጎሣው ዘንድ ይነወራል፥ ይቀጣልም። ቀጥሎ ተራው የሌላው ይሆናል። በረሃ ላይ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስን ሰው ወሬው ቢያሳስተው ከብቱ ያልቃል፤ ስለዚህ የወሬ አቀባበሉ ጥብቅ ነው። ዘመናዊነት ማለት ግልጽነት፥ ልማድ ማለት ሽፍንፍንነት ነው የሚል ሰው ዳጉን የት ያስቀምጠዋል? የብዙ ጋዜጣ አዘጋጅ ዛሬ ምንጭን በመለየት ከአፋሩ መንገደኛ አይበልጥም ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ሥዕሉም መጽሐፉም የማይደርሱበት አንድ ነገር መርዶ ነው፤ በዚህ ላይ ዘለግ አድርገን ብንቆይ ይሻላል፥ እያንዳንዱ አንባቢ የሚያውቀው ነውና።

ከቤቱ ርቆ ለሚኖር ሰው የዘመዱ ሞት እንዲሁ አይነገረውም። የሰሙት ጎረቤቶችና ወዳጆች ተጠራርተው ይመክራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይወሰናል፥ ብዙ ጊዜም በዕድሜ የገፋ ወይም ለሐዘንተኛው የቀረበ ሰው ይመረጣል። ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ ይደርሱበታል። በሩ ተንኳኩቶ ሲከፍት ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ባንድነት ያያል። ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩ ገብቶታል። ሻነን ዕውቀትን የለኩት ጥርጣሬን በመቀነሱ ነው፤ በዚህ ልክ ከሄድን ሽማግሌው ቀጥሎ የሚናገረው ቃል ክብደቱ እጅግ ትንሽ ነው፥ የማን ሞት እንደሆነ ከመለየት አያልፍም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ የመጣው ለምንድን ነው? ቃሉ ሲወድቅበት ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ነው። እዚህ ላይ ላኪ፥ መልእክትና ተቀባይ ብሎ የከፋፈለ ተማሪ የነገሩን ዋና ክፍል ከሥዕሉ ውጪ ጥሎታል፤ ዋናው ነገር የመጡት ሰዎች ናቸውና።

ከዚህም በፊት ያለው ጊዜ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። መርዶው እስኪነገረው ድረስ ሰውየው ወደ ቤተሰቡ ቢደውል «ሁላችንም ደኅና ነን» ይባላል። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን የመረጃ መዘግየት ወይም ሐሰት ብሎ ይመዘግበዋል። ቃሉ ሐሰት መሆኑ አይካድም፤ ግን ከሰውየው ቤተሰብ አንዱም ሐሰት ነው ብሎ አይወቅሰውም፥ ሐዘንተኛውም በኋላ ሲያውቅ «ዋሹኝ» ብሎ ከመክሰስ ይልቅ ባይነግሩትና በመንገድ ቢሰማ ኖሮ የበለጠ በተቀየመ ነበር። በዋሺንግተንና በአካባቢዋ፥ በአውሮፓ ከተሞችም ያሉ ያገራችን ሰዎች ይህን ሥርዐት ይዘውት ሄደዋል። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ለሟቹ ልጅ አይደውልም፤ ለወዳጁ ወይም ለሚያውቁት አንድ ሰው ይደውላል፤ እነርሱም ተሰባስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ባለፉት ዓመታት ግን ፌስቡክና የመሳሰሉት ከሽማግሌዎቹ ቀድመው መድረስ ጀምረዋል፤ የአባቱን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋራ በስልኩ ላይ በባቡር ውስጥ ወይም በሥራ ቦታ ያየ ሰው አለ። በሥዕሉ ሚዛን ይህ እንደ እድገት መቆጠር አለበት፤ መልእክቱ ፈጥኖ፥ ሳይበላሽ፥ ያለ ሁካታ ደርሷል። ይህን እድገት ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከመካከላችን ይገኛል ብለን አናምንም። እንዲህ ከሆነ ግን ሚዛኑን ስለ ገበሬው ስንጽፍ ብቻ ለምን እናምነዋለን?

ከእኛ ቀድመው ይህን ያዩ ሊቃውንት አሉ። ዴል ሃይምዝ በ1962 የንግግር ጥናት ከአንድ ማኅበር የንግግር አጋጣሚዎች መነሣት እንዳለበት፥ ማለት ማን ከማን ጋራ፥ የት፥ በምን ሥርዐት፥ በምን ዐይነት ቃና እንደሚናገር ከመመዝገብ እንዲጀመር ጽፈዋል። ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1975 በታተመ ጽሑፋቸው ሰዎች ሲነጋገሩ የሚበቃውን ያህል፥ እውነቱን፥ ከነገሩ ሳይወጡና ሳያሻሙ ይናገራሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ አስረዱ። በማግሥቱ በ1976 ኤሊኖር ኪነን በማዳጋስካር መንደር ካዩት ተነሥተው፥ አዲስ ወሬ ብርቅና የክብር ምንጭ በሆነበት ስፍራ ሰው የሚበቃውን ያህል መናገር እንደማይጠበቅበት አሳዩ። ፕሮፌሰር ሌቪንም በዝምታ አልቀሩም። በ1985 «ከአሻሚነት መሸሽ» በሚል አሳብ ባሳተሙት መጽሐፍ የአማራውን አነጋገር ከአሜሪካኑ ቀጥተኛ አነጋገር ጋራ እንደገና አነጻጽረው፥ ዘመናዊው ማኅበርና የማኅበራዊ ኑሮ ሳይንስ ከአሻሚ ቃል በመሸሻቸው ያጡትን ነገር ቈጠሩ። ሊቁ ከሃያ ዓመት በኋላ ሚዛኑን ራሳቸው አስተካክለውታል። በእኛ ጽሑፎች የሚጠቀሰው ግን ዘወትር የ1965ቱ ነው፤ ምክንያቱም ይመስለናል አጭርና ለጥቅስ የሚመች ስለ ሆነ ነው።

ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምን ነበር። ጉዳቱ የሚታየው በመጠይቁ ላይ ነው። እንበልና አንድ ተማሪ አምስት ሳጥን ያለው ወረቀት ይዞ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ይቀርባል፤ «ከቀበሌው አስተዳደር ጋራ በግልጽ እንነጋገራለን፤ በጣም እስማማለሁ፥ እስማማለሁ...» እያለ ያነብላቸዋል። ሽማግሌው «እግዜር ይመስገን ልጄ፤ እነሱም ልጆቻችን ናቸው፤ ዝናቡ ካልጨከነ ምን እንላለን» ይላሉ። ተማሪው «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፥ ወይም «አሳብ የለውም» ይላል። የተነገረው ነገር ሁሉ ጠፋ። «ልጆቻችን ናቸው» ማለት ውዳሴ ይሁን አቤቱታ፥ ዝናቡ ለምን እንደ ተነሣ፥ በዚያን ሰዓት ከአጠገባቸው ማን ተቀምጦ እንደ ነበር በወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም። ከመቶ እንዲህ ካሉ ወረቀቶች ተደምሮ የሚወጣው ቁጥር የገበሬውን የመግባባት ችሎታ ማነስ ያሳያል ተብሎ ይጻፋል፤ በዚያም ቁጥር ላይ ሥልጠና ይታቀዳል፥ ገንዘብ ይመደባል። ሳጥኑን ያነሰው ሳጥን ሠሪው እንጂ ሽማግሌው አይደሉም።

ሌላው ጉዳት ትንሽ ይመስላል፥ ግን ሥራን ያበላሻል። በመቅረጫ የተያዘውን ንግግር ስንጽፍ የግእዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ብለን የጻፍነው ተናገረ ይሁን ይገኛል፥ «ይበላል» ያልነው ራሱ በላተኛ ይሁን የሚበላ ነገር፥ አንባቢው ሊለይ አይችልም። ተናጋሪው ግን ለይቶ ነበር የተናገረው። በወረቀቱ ላይ የምናየው አሻሚነት የእኛ የጽሕፈት አሻሚነት ሆኖ ሳለ፥ በአንዳንድ ጽሑፍ የተናጋሪው ጠባይ ተደርጎ ተቈጥሯል። በጥብቁ ፊደል ላይ ነጥብ ማድረግ የቆየ የሰዋስው መምህራን ልማድ ነው፤ ድካሙ ጥቂት ነው፥ ለጥናት ጽሑፍም ግዴታ ቢሆን ደግ ነበር።

ስለ ዳጉ ከላይ የጻፍነው ከውጭ ሆኖ የታየ ነው። ቋንቋውን የሚናገር ከአፋር የመጣ ተማሪ አንድ ሙሉ የዳጉ ልውውጥ ከሰላምታው እስከ መለያየቱ ቀርጾ፥ ጥያቄውንና መልሱን፥ ዝም የተባለበትንም ጊዜ ሳይቀር ጽፎ ለዚህ መጽሔት ቢያቀርብ፥ ተንቀሳቃሹ ስልክ ከገባ ወዲህ የትኛው ክፍል እንደ ቀረና የትኛው በስልክ ላይ እንደ ቀጠለ ቢገልጽልን፥ ለሚመጣው ዓመት ትምህርት ከሥዕሉ ይልቅ በዚያ መጀመር ይቻላል።